የጋሽ ደምሴ ክር

የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ታምራት ስልክ የሚደውሉልኝ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለዕድሩ መኪና። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት፣ ጋራዡን ከፍቼ ቱታዬን እንኳ ሳልለብስ ስማቸው ስልኬ ላይ ሲመጣ፣ «ደግሞ ምኗ ተሰበረ?» ብዬ ነው ያነሳሁት።

«ምንም አልሆነችም። ለዘጠኝ ሰዓት አዘጋጅልን፤ ቀብር አለ» አሉኝ።

«ማን ሞተ?»

«አልሰማህም እንዴ ግርማ? ጋሽ ደምሴ ናቸው እኮ። ሊነጋጋ ሲል ነው ያረፉት።»

እዚህ ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። ግን አላለም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «በዚያች መኪና?» የሚል ነው። ጋሽ ደምሴን በዚያች መኪና ሊሸኟቸው ነው፤ የሚያዘጋጃት ደግሞ እኔ። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩት ከአሮጌ ታክሲ ላይ ነቅለው ባመጧት፣ እሳቸው ሻይ ይጠጡባት በነበረችው ወንበር ላይ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ከወንበሯ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ክራቸው ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካሁትም።

ጋራዣችን ጉለሌ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ናት። የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ሦስት መኪና በግድ የምታስቆም ግቢ። እዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ከጋሽ ደምሴ ጋር ሠርቻለሁ። ሞተር የእኔ ነበር፤ እግር የእሳቸው። እግር የምንለው ከመኪናው ሆድ በታች ያለውን፣ ጭነቱን የሚሸከመውን ነው፤ በተለይ ባሌስትራውን፣ ማለትም ጎበጥ ጎበጥ ብለው ተደራርበው የመኪናውን ጀርባ የሚይዙትን ብረቶች። በእኛ አካባቢ «መኪናዬ ወደ አንድ ጎን አጋደለችብኝ» ያለ ሰው ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ቀጭን ሰው ነበሩ። ሰማያዊ ቱታቸው ውስጥ ሌላ ሰው ሊጨመር ይችል ነበር። «ጋሼ፣ የቀረውን ቦታ ለምን አያከራዩትም?» እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። «ማን ይከራየዋል፤ የአንተ ምላስ ብቻዋን ትሞላዋለች» ይሉኛል። ከዚያ ብርጭቋቸውን አጋምሰው ይነሳሉ። ሻይ ጨርሰው ሲነሱ አንድም ቀን አላየሁም። ቀሪው የሚቀዘቅዘው ወንበሯ እግር ሥር ነው።

መኪና ሲገባ ጎማ ፍቱ፣ ክሪክ አምጡ ማለት የለም። «ትቁም፤ ትንሽ ትተንፍስ» ይላሉ። ባለቤቱን ከመኪናው ያስወርዱታል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዐሥር እርምጃ ያህል ይርቁና፣ ከመኪናው በስተኋላ ቁጢጥ ብለው አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንዲህ ሆነው የሚቆዩት ሻይ ከሚጠጡበት ጊዜ ይረዝማል። ሰዉ ይቁነጠነጣል፤ እኔም እቁነጠነጣለሁ። «መኪና ከፊት አይታይም፤ ከፊት ሁሉም ያምራል» ይሉ ነበር።

ከዚያ ክሩ ይወጣል። ሦስት ጊዜ የተገመደ ነጭ የጥጥ ፈትል ነው፤ መሐሉ ላይ ቋጠሮ አለው። አንዱን ጫፍ ከጎማው በላይ ካለው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ያስይዙና ወደ ታች ይለቁታል። ቋጠሮውን በአንደኛው ጎን የጎማው መሐል ላይ ካሳረፉ፣ በሌላውም ጎን እዚያው ማረፍ አለበት። መሐሉን አልፎ ከወረደ ያ ጎን ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ልክ ሲሆን የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ «ደረሰ»። አንድ ባለመኪና ቁምጣ ለብሶ በሜትር ቢለኩ ይሻላል ብሎ ሊያስተምራቸው ሞከረ። «ሜትር ቁጥር ይነግርሃል፤ ቁጥር ደግሞ ያከራክራል። ክር ወይ ደረሰ ወይ አልደረሰም» አሉት። ሰውየው ሜትሩን ኪሱ ከተተ። እኔ ግን ቁምጣውን አልረሳውም።

ፈትሉን የሚሰጧቸው እትዬ አስካለ ነበሩ። ከጋራዡ ጀርባ ይኖሩ ነበር፤ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ልጃቸው ታደለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ክሩ በቅባት ሲጠቁር ያዩና፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ይህን ጥላሸት ይጣሉና ይቺን ይያዙ፤ ያሳፍሩኛል» ብለው በአጥሩ ቀዳዳ አዲስ ያቀብሏቸዋል። ጋሽ ደምሴ በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው።

አንድ የሸጎሌ በግ ነጋዴ የመጣ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ፒክአፑ ወደ ቀኝ ታጋድላለች። ሌላ ቦታ ባሌስትራዋን ሁለት ጊዜ አስቀይሯል፤ ሁለት ጊዜም አጋድላለች። ሰውየው ንድድ ብሏል። ጋሽ ደምሴ ቁጢጥ ብለው አዩዋት፤ ክራቸውን ጣሉ፤ ከዚያ ምንም ሳይነኩ ጋቢና ገብተው አጠገቡ ተቀመጡ። «ወደ ሥራህ ሂድ፤ እኔ አብሬህ አለሁ» አሉት። የሰው ሥራ ጥለው የበግ ገበያ ሄዱ! ከሰዓት ተመልሰው ሲመጡ እየሳቁ ነበር። ለካ ነጋዴው በጎቹ የሚወጡበትን ከባድ የብረት መወጣጫ ሁልጊዜ በቀኝ ጎን አንጠልጥሏት ነው የሚውለው። ወደ ጋራዥ ሲመጣ ደግሞ፣ ልማድ ሆኖበት፣ አላወረዳትም። አወረዷት፤ መኪናዋ ቀስ እያለች ተነሳች። «እሷን ስትጠረጥር ከረምክ፤ አንድ ቀን እንኳ ራስህን አላየህም» አሉት። ነጋዴው በሳቁ መሐል አንድ ጠቦት ይላክልዎት ሲላቸው፣ «ጾም ነው ወንድሜ» ብለው አሳቁት።

የሚጠሉት ቃል አንድ ነበር፤ «ምንም አይልም»። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ ቃሏ ከአፌ አትጠፋም። ትንሽ ላላ ያለ ነገር ሲያሳዩኝ «ምንም አይልም ጋሼ» እላለሁ። መፍቻቸውን ያስቀምጡና ያዩኛል። «ለማን ነው ምንም የማይለው? ለአንተ ነው ወይስ ላዩ ላይ ለሚቀመጠው?» ይሉኛል። አይጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ጋሽ ደምሴን ጋሽ ደምሴ ያደረጋቸው አንድ ነገር ነው። በባሌስትራው ጫፍና ጫፍ፣ ቡሎኑ በሚያልፍበት ቦታ፣ ጎሚኒ የምንላት የጎማ ቀለበት አለች። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ፣ እግሯ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ጥርቅም አድርገህ ካጠበቅክ፣ ጎሚኒዋ በተንጠለጠለችበት ትያዛለች። መኪናዋ መሬት ስትወርድ ጎሚኒዋ ትጠማዘዛለች። የአንዱ ጎን ከሌላው ይብስና፣ አዲስ ባሌስትራ የገባላት መኪና ወደ አንድ ጎን ተኝታ ትወጣለች። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ግን ይቸኩላል። ጋሽ ደምሴ ቡሎኑን በጣት ብቻ አስይዘው መኪናዋን ያወርዷታል። ጭነቷን ያስጭኗታል። ያወዛውዟታል። ከዚያ ሥሯ ተንጋለው ገብተው፣ እንደተጫነች፣ ያጠብቃሉ። «መጀመሪያ ትሸከም፤ ከዚያ አጥብቅ» ይላሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የዕድሩን መኪና የሚሠሩትም እንዲህ ነው። አሮጌ ፒክአፕ ናት፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ ድስቱንና ሰሐኑን ታመላልሳለች፤ በቀብር ቀን ደግሞ ሣጥኑን ትሸከማለች። ከዕድሩ ምንም አይቀበሉም። ድንኳኑን ከነብረቱ፣ ወንበሮቹን ከነእግራቸው ከግምጃ ቤት አስወጥተው ያስጭናሉ፤ ከዚያ ነው ቡሎን የሚያጠብቁት። «የምትሸከመው ሰው "ቀስ በል" ብሎ አይናገርም፤ ስለዚህ እኛ ቀድመን እንጠንቀቅለት» ብለውኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን በፊት ያለችውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መታጠፊያዋ ላይ ያጋደለ መኪና ሣጥን ያንሸራትታል።

እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ብርጭቆው ላይ፣ ከዚያ መፍቻው ላይ። ስለ እሱ አይወራም ነበር። ከባድ ከባዱን እኔ መያዝ ጀመርኩ፤ እሳቸው ቁጢጥ ብለው ያያሉ፤ ክራቸውን ይጥላሉ። ለዕድሩ መኪና አዲስ ባሌስትራ ሲገዛም፣ «አንተ ግጠማት፤ እኔ አብሬህ እሆናለሁ» አሉኝ። ሐሙስ ሊሆን ተቀጠረ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ አስካለ አረፉ። ጋሽ ደምሴ ለቅሶ ቤቱን ለማገዝ ሄዱ። መኪናዋ ግን ለነገ ብዬ ፈታትቻት፣ አሮጌው ባሌስትራ ወጥቶ ቆማለች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ድንኳኑም ወንበሩም ለቅሶ ቤት ነው፤ የሚጫን ነገር የለም። እሳቸውን መጥራት እችል ነበር፤ ሃያ እርምጃ ነው። አልጠራኋቸውም። ብቻዬን ሠርቼ ላሳያቸው ፈለግኩ። በክሪክ እንደተነሣች፣ እግሯ እንደተንጠለጠለ፣ ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኩና አወረድኳት። ወደ ግራ ሦስት ጣት ያህል ተኛች። ሰዓቴን አየሁ። «ምንም አይልም» አልኩ።

ቁልቁለቷ መታጠፊያ ላይ የእትዬ አስካለ ሣጥን ተንሸራትቶ የመኪናዋን ጎን መታ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሴቶቹ ጮኹ። ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሣጥኑን ያዙት፤ ሌላ የደረሰ ነገር የለም። ግን ያ በቂ ነበር። ታደለ፣ ልጃቸው፣ ዘሎ ወረደ። «ይቺን መኪና የነካት ማን ነው?» አለ። ዓይኑ ደም መስሏል።

እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ጋሽ ደምሴ ከሕዝቡ መሐል ወጡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ ልጄ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉት። ታደለ ኮፍያውን የያዘውን እጃቸውን አየ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ካልቻሉ ለምን አይተዉትም ጋሼ? እናቴን እኮ ነው!» አላቸው። አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ፈትሉን ሲቀበሉ እንደሚያደርጉት። እኔ አፌን ዘጋሁ።

ጋራዡ ስንመለስ ስለዚያ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። «ሠልስቱ ይለፍ፤ ድንኳኑ ሲመለስ እንጭናትና ፈትተን እናጠብቃታለን» ብቻ አሉ። እኔ ግን ሠልስት መጠበቅ አልቻልኩም። የሚያልፈው ሰው ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ያንን ያጋደለ ጀርባ እያየ የሚስቅብኝ መሰለኝ። በማግስቱ እሳቸው ለቅሶ ቤት ሲሄዱ፣ ወፍራም ላሜራ ቆርጬ በግራው ባሌስትራ ሥር ወተፍኩ። ተነሣች። ከኋላ ሆኜ አየኋት፤ ቀጥ ብላለች። በራሴ ኮራሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሠልስቱ አለፈ፤ ድንኳኑ ተመለሰ፤ ጫንን። ጋሽ ደምሴ ክራቸውን ጣሉ። አሁን ደግሞ የቀኙ ጎን ጣት ተኩል ወርዷል። ምንም ሳይሉ ሥሯ ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው ላይ አቧራ ነበር።

«ግርማ፣ ያቺ ላሜራ ምንድን ናት?»

«ቀጥ ብላ አልነበር? ባዶዋን ቀጥ ብላለች።»

«ባዶዋን ማን ይጠቀምባታል? ለምን እንዳጋደለች ጠይቀሃታል?»

መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ አውቀዋለሁ። ችግሩ እሱ ነው። ያቺን ላሜራ ማውጣት፣ ቡሎኑን መፍታት፣ አየር ላይ ነው ያጠበቅኩት ብሎ መናገር ነው። ከዚያ ደግሞ ታደለ ፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ኀፍረት ሲበዛብኝ እኔ ቁጣ ነው የሚወጣኝ። እንዲህ አልኳቸው፦ «እጅዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሁሉ ነገር ጠማማ ሆኖ ነው የሚታይዎት።»

እጃቸውን አዩት። ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ክሩን ጠቅልለው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። ኮፍያቸውን አደረጉ። «እሺ» አሉ። መሣሪያቸውን እንኳ ሳይወስዱ ወጡ፤ ተመልሰውም ጋራዡን አልረገጡም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል። ሰፈሩ «የጋሽ ደምሴ እጅ አበቃለት» አለ። መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ከመግባቱ በፊት አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ፣ «ሽማግሌው የሉም አይደል?» ይለኛል። «የሉም» እላለሁ። ይገባል። ያ «የሉም» ሁለት ዓመት እንጀራዬ ሆነ። በዕድሩ መኪና ላይማ ቀልድ ወጣ። ሣጥን ሲጫን አንዱ ይነሣና፣ «በግራ በኩል ተቀመጡ፤ የጋሽ ደምሴ መኪና ናት» ይላል፤ ሰዎች ወደ ግራ ይሰበሰባሉ፤ ትቃናለች። ልማድ ሆነ። ጋሽ ደምሴ ከቀብር አይቀሩም ነበር። ከኋላ፣ ከሕዝቡ ጫፍ፣ ይከተላሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መኪናዋን ሲያዩ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ በራቸው ድረስ ሄጄ የተመለስኩበት ቀን አለ። አንድ ቀን አይደለም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋቸው ጳውሎስ፣ ታክሲ መያዣው ጋ ነው። ከሆስፒታል እየወጡ ነበር። ልጃቸው ሰናይት ትልቁን የራጅ ፖስታ ይዛ ክንዳቸውን ደግፋለች። ኮታቸው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ።

«እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ላሜራዋ አለች?» አሉኝ።

«አለች።»

«እሺ።»

ታክሲ መጣ፤ ሰናይት ደግፋ አስገባቻቸው። «ነገ እናወጣታለን ጋሼ» ብል ኖሮ ይመጡ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ለምን እንዳላልኩ ዛሬም አላውቅም። በሩ ተዘጋ፤ ታክሲው ሄደ።

አቶ ታምራት የደወሉልኝ ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ ነው።

ከወንበሯ ተነሣሁና ክሩን ከሚስማሩ አወረድኩ። አቧራ ለብሷል። የዕድሩን መኪና ከግምጃ ቤቱ አምጥቼ በክሪክ አነሣኋት፤ ላሜራዋን አወጣሁ። ቡሎኖቹን ፈታሁ፤ በጣት አስይዤ አወረድኳት። አሁን መጫን አለባት። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው፤ ድንኳኑ እሳቸው ደጃፍ ተተክሏል፤ ወንበሮቹ ላይ የእሳቸው ለቀስተኛ ተቀምጧል። ሰዓቱ ወደ ስምንት እየሄደ ነው። ያኔ እንዳደረግኩት ማድረግ እችል ነበር። አየር ላይ አጥብቄ፣ ላሜራዋን መልሼ፣ «በግራ ተቀመጡ» ማለት። ማንም አያውቅም።

ቀስ እያልኩ ነዳኋትና እሳቸው ደጃፍ፣ ድንኳኑ ፊት ለፊት፣ ኮብልስቶኑ ለጥ ያለበት ቦታ አቆምኳት። አቶ ታምራት ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«ቀደምክ ግርማ፤ ገና ነው እኮ።»

«ሰው እፈልጋለሁ» አልኳቸው። «ዐሥር ዐሥራ ሁለት ሰው ላይዋ ይውጣልኝ።»

«ምን ሆነሃል? ሰው ለቅሶ ላይ ነው!»

ድምፄ ለምን እንደዚያ እንደጮኸ አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። «ያኔ የእትዬ አስካለ ሣጥን የተንሸራተተው በጋሽ ደምሴ እጅ አይደለም» አልኩ። «እሳቸው መኪናዋን አልነኳትም። እኔ ነኝ። ቸኩዬ አየር ላይ ነው ያጠበቅኳት። ከዚያ ደግሞ ሥሯ ላሜራ ወትፌ ደበቅኩት። እሳቸው እኔ ነኝ ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ። ዛሬ እንደ እሳቸው አድርጌ ላጥብቃት፤ ካልተጫነች አይሆንም፤ የሚጫን ነገር ደግሞ የለም። ሰው ብቻ ነው ያለው።»

ሰናይት ጥቁር ለብሳ ከድንኳኑ ጫፍ ቆማ ታየኛለች። ከወንዶቹ መሐል ታደለ ተነሣ። ወደ እኔ ሲመጣ ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ አልከላከልም ብዬም ወስኜ ነበር። አፍንጫዬ ሥር መጥቶ ቆመ።

«እሳቸው አንተ መሆንህን ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«እኔ ያን ሁሉ ስናገራቸው ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

ፊቱን በነጠላው ጠረገ። ከዚያ እግሩን ጎማው ላይ አድርጎ ዘሎ ወጣና ዞረ። «ኑ እንጂ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ለሰዉ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን አቀብለው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው ወጡ። ሌሎቹ ተከተሉ። አቶ ታምራት መጨረሻ ላይ፣ እያጉረመረሙ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ጥግ ለጥግ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

ሥሯ ተንጋለልኩ። ባሌስትራው ሲዘረጋ፣ ብረቱ በብረቱ ላይ ሲንሸራተት ይታየኛል። «እስቲ ትንሽ ተወዛወዙ!» ብዬ ጮኽኩ። ዐሥራ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ላዬ ላይ ወዲያና ወዲህ አሉ። ጎሚኒዎቹ ጢጥ ጢጥ አሉና ቦታቸውን ያዙ። መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን አጠበቅኩ። ጠዋት እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ። ተንጋሎ ያለቀሰ ያውቀዋል፤ እንባው ወደ ጆሮ ነው የሚገባው። ላይ ያሉት ሰዎች መፍቻው ብቻ ነው የሚሰማቸው።

ወረዱ። ክሩን አወጣሁ። ሰናይት ሳልጠራት መጣችና ጫፉን ያዘችልኝ። በግራ ለካን። በቀኝ ለካን። ቋጠሮው ጎማው መሐል ላይ አረፈ።

«ደረሰ?» አለችኝ። ቃሉን ከአባቷ ነው የምታውቀው።

«ደረሰ።»

ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሣጥኑ ወጣ። ተጫነ። አቶ ታምራት ከልማድ የተነሣ «በግራ በኩል...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ሰዎቹ በሁለቱም ጎን ቆመው ጠበቁ፤ ማንም ገና አልወጣም። እኔ አንድ ጊዜ ተንበርክኬ ክሩን ደግሜ ጣልኩ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ልማድ ነው። ቋጠሮው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ትንሽ ብትወርድ፣ ግማሽ ጣት እንኳ፣ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ያን ያህል ቀልለዋል።

መኪናዋን እንዲነዳ ሌላ ሰው ሰጠሁና ከኋላ፣ ከሕዝቡ ጫፍ፣ እሳቸው ይሄዱበት በነበረው ቦታ ተከተልኩ። ቁልቁለቷ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየኋት። ሣጥኑ አልተነቃነቀም።